ጥያቄና መልስ፦ ሰው የሚጭን መንኮራኩር ሁሉ ለምን ከምድር ምህዋር አይወጣም?

ጎንደር የምንኖር የሥነ ፈለክ ወዳጆች ያደረግነው ጥያቄና መልስ ነው። መልስ የሚሰጡት መምህር የሙቀት ምህንድስና ያስተምራሉ፤ ጠያቂዎቹ በሰፈራቸው ስም ተጠርተዋል። አባላት በመሀል እርስ በርስ የተከራከሩትም እንዳለ ተቀምጧል።

መምህር፦ ከመጀመራችን በፊት ሦስት ነገር ልበል። ዓመቶቹም ወሮቹም ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ፍጥነት ስጠራ በሰከንድ ስንት ኪሎ ሜትር ማለቴ ነው። ሦስተኛውን ደጋግሜ ስለምለው ከአሁኑ ያዙልኝ፤ በጠፈር ጉዞ ርቀት አይቆጠርም፣ የሚቆጠረው የፍጥነት ለውጥ ነው። ነዳጅ የሚበላው መፍጠንና መቀነስ ነው፤ መንገዱ አይበላም። በሉ ጠይቁ።

ከአዘዞ፦ እንደምን ዋሉ መምህር። የአሜሪካ ስፔስ ሹትል ያን የመሰለ ግዙፍ ሞተር እያለው ከ1981 እስከ 2011 ሲበር አንድ ቀን እንኳ ጨረቃ አልሄደም። ሳይፈለግ ቀርቶ ነው ወይስ አይችልም?

መምህር፦ አይችልም። በቁጥር እንየው።

ከኋላው የምታያቸው ሦስት ትልልቅ ሞተሮች ነዳጃቸውን የሚስቡት ከሆዱ ሥር ከተያያዘው ብርቱካናማ ታንክ ነው። ታንኩ ከ700 ቶን በላይ ፈሳሽ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ይይዛል። ያ ሁሉ በ8 ደቂቃ ተኩል ያልቅና ታንኩ ይጣላል። ከዚያ ወዲያ ሦስቱ ሞተሮች እስከ ማረፊያው ድረስ ጭነት ናቸው። ምህዋር ላይ የሚሠሩት ከጅራቱ ግራና ቀኝ ያሉት ሁለት ትንንሽ ሞተሮች ሲሆኑ ነዳጃቸው 11 ቶን አይሞላም። መንኮራኩሩ ደግሞ ከነጭነቱ 110 ቶን ገደማ ይመዝናል። ያ ነዳጅ ያን ክብደት የሚያፈጥነው በ0.3 ያህል ነው። ከእሱም ላይ ለመመለሻ የሚቆጠብ አለ።

ከዝቅተኛ የምድር ምህዋር ተነስቶ ወደ ጨረቃ ለመወርወር የሚያስፈልገው 3.1 ነው፤ ካለው አሥር እጥፍ ማለት ነው።

ነዳጅ ይጨመርለት ብትል፣ 100 ቶን መንኮራኩር በዚያው ዓይነት ሞተር 3.1 ለመጨመር 172 ቶን ነዳጅ ይፈልጋል። ሹትል ራሱ በአንድ በረራ ወደ ምህዋር የሚያደርሰው 25 ቶን አካባቢ ነው። ስለዚህ አንዱን ለመላክ ሌላ ሰባት በረራ ነዳጅ ብቻ ጭኖ መውጣት አለበት። ይህም መሄጃው ብቻ ነው፤ ጨረቃ ዘንድ ፍጥነት ቀንሶ ለመዞርና ተነስቶ ለመመለስ የሚፈጀው አልገባበትም። ክንፉ፣ ጎማው፣ ጅራቱ፣ ሦስቱ ሥራ ፈት ሞተሮች ሁሉ አብረው ይጓዛሉ። ጨረቃ ላይ አየር ስለሌለ ክንፍ የሚሠራው ሥራ የለም። ሹትል በታሪኩ ከፍ ብሎ የደረሰው የሀብል ቴሌስኮፕን ሲያደርስና ሲጠግን ነው፤ እሱም 620 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ከፒያሳ፦ ጋሼ፣ ጨረቃ 384,000 ኪሎ ሜትር ትርቃለች፣ የጠፈር ጣቢያው ያለው 400 ላይ ነው። ታዲያ ለዚያ ሁሉ መንገድ ነዳጅ አይበቃም ማለት ነው?

መምህር፦ አሁን የተናገርኩት ስለዚሁ ነበር። ሰዎችን ጨረቃ ያደረሰው የአፖሎ ሮኬት ሦስተኛው ክፍል ወደ ጨረቃ ሲነሳ የነደደው 6 ደቂቃ ያህል ነው። ከዚያ ጠፍቶ ሦስት ቀን በያዘው ፍጥነት ተንሳፈፈ። የጣቢያው ከፍታ ከጎንደር አዲስ አበባ በአየር ካለው ርቀት እምብዛም አይለይም፤ እዚያ ለመቆየት ግን መንኮራኩሩ 7.7 መፍጠን አለበት። ከዚያ ወደ ጨረቃ የሚጨመረው 3.1 ነው። ዋናው ወጪ ያለው ከመሬት መነሳቱ ላይ ነው። ርቀት አትቁጠሩ።

ከማራኪ፦ መምህር፣ የነዳጁ ነገር ገባኝ። አንድ ትልቅ ሮኬት ተገኝቶ ተራ ካፕሱል፣ ማለትም ሰዎቹ ተቀምጠው ወደ ምድር የሚመለሱበትን ክፍል፣ ወደ ጨረቃ ቢወረውረው፣ በጨረቃ ስበት ዞሮ ያለ ነዳጅ ሊመለስ ይችላል ይባላል። ያኔ ምን ያግደዋል?

መምህር፦ ይህችን ጥያቄ ነበር የምጠብቃት፤ እግዜር ይስጥሽ። የሚያግደው አገባቡ ነው። ሰው ሁሉ የሚያየው ሮኬቱ ሲነሳ ነው፤ መንኮራኩር የሚፈተነው ግን ከባቢ አየር ውስጥ ሲገባ ነው።

ከጣቢያው የሚመለስ ካፕሱል አየር ውስጥ የሚገባው በ7.8 አካባቢ ነው። ከጨረቃ የሚመለሰው በ11 ይገባል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፣ ግን አይደለም። አንደኛ፣ ይዞት የሚመጣው ጉልበት በፍጥነቱ ካሬ ነው የሚያድገው፤ ስለዚህ እጥፍ ይሆናል። ሁለተኛ፣ የሞቀው አየር ገጽታውን እየዳሰሰ የሚሰጠው ሙቀት በየሰከንዱ በፍጥነቱ ኪዩብ ያድጋል፤ ሦስት እጥፍ ሊሞላ ምንም አይቀረውም። ሦስተኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። በ11 ፍጥነት ከካፕሱሉ ፊት የተጨመቀው አየር ከ10,000 ዲግሪ በላይ ይሞቅና ራሱ ያበራል፤ ብርሃኑም ሳይነካው ካፕሱሉን ከሙቀት የሚከላከለውን ጋሻ ይጠብሰዋል። ከጣቢያው ሲመለሱ ይህ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ከ10 በላይ ሲሆን ግን ፍጥነቱ በትንሹ በጨመረ ቁጥር በብዙ እጥፍ ይንራል።

ወደ ጋሻው እንምጣ። የሹትል ሆድ የተለበጠው በሲሊካ ጡቦች ነበር፤ በመላ አካሉ ወደ 24,000 ጡብ። ጡቡ ከአሸዋ ማዕድን የተሠራ ፋይበር ሲሆን ከመጠኑ አብዛኛው ባዶ አየር ነው። ላዩ በጥቁር መስታወት ተቀብቷል፤ ከሥሩ ፌልት የተባለ ስስ ጨርቅ አለ፣ በሲሊኮን ሙጫ ከአሉሚኒየሙ አካል ጋር ይጣበቃል። ሥራው ሙቀቱን ላዩ ላይ አግቶ በጨረር መልሶ መትፋት ነው። እስከ 1,260 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደጋግሞ ይችላል። አፍንጫውና የክንፉ ጠርዝ ከካርቦን ስለተሠሩ እስከ 1,650 ይደርሳሉ። ከዚህ በላይ ሲሆን የጡቡ ፋይበር ይኮማተራል፣ መስታወቱ ይለሰልሳል፣ በጡቦቹ መሀል ያለው ክፍተት ይሰፋል፣ ትኩስ ጋዝም ወደ ሙጫው ይደርሳል። የአሜሪካው ኦሪዮን መንኮራኩር በአርጤምስ 1 በረራ ሰው ሳይጭን ሄዶ ከጨረቃ ሲመለስ የጋሻው ገጽ 2,760 ዲግሪ አካባቢ ደርሷል። በሹትል ጡብ ከጨረቃ መመለስ እንደማይታሰብ ከዚህ ማየት ይቻላል።

የአፖሎ ጋሻ ሌላ ዓይነት ነው፤ እየተቃጠለ የሚያድን። አቭኮት ይባላል፤ ሙጫና የሲሊካ ፋይበር የተደባለቀበት ነው። ሲሞቅ ላዩ ይከስላል። ከሥሩ ያለው ሙጫ ጋዝ ይሆንና በከሰሉ ቀዳዳዎች እየወጣ ትኩሱን አየር ከገጽታው ይገፋዋል። እየተበላ ሙቀቱን ይዞት ይሄዳል። አሠራሩ ደግሞ የእጅ ሥራ ነው፤ የማር እንጀራ የመሰለ የፋይበር መረብ ካፕሱሉ ላይ ይለጠፋል፣ ከ300,000 በላይ የሆኑት ቀዳዳዎች አንድ በአንድ ይሞላሉ፣ በኤክስሬይ ይታያሉ፣ አየር የቀረበት ከተገኘ ተሰርስሮ እንደገና ይሞላል። ሰው ከመጫኑ በፊትም በኅዳር 1967 አፖሎ 4 ባዶውን ተልኮ በጨረቃ መመለሻ ፍጥነት ተፈተነ።

አሁንም አላለቀም። የመግቢያው ማዕዘን አለ። አፖሎ ከአድማሱ 6.5 ዲግሪ ያህል ዘቅዝቆ ነበር የሚገባው፤ የሚፈቀድለት ወዲህም ወዲያም 1 ዲግሪ ገደማ ነው። ሲበዛ ከዘቀዘቀ የሰው አካልም ጋሻውም የማይችለው ጫና ይመጣል። ሲበዛ ከተጋደመ አየሩ በቂ ፍጥነት ሳይቀንስለት ተመልሶ ወደ ጠፈር ይወጣል፤ ዞሮ እስኪመጣ ብዙ ሰዓት ወይም ቀናት ያልፋሉ፣ እስከዚያ የሚያቆየውን ኦክስጅን ግን ሞተሩንና ነዳጁን የያዘውን የአገልግሎት ክፍል ሲጥል ትቶታል። ከምድር ምህዋር የሚመለስ ካፕሱል ግን ትንሽ ቢሳሳት ከታሰበለት ርቆ ያርፋል እንጂ አያመልጥም።

ከማራኪ፦ ከመግባቱ በፊት ሞተር አብርቶ ወደ 7.8 ቢቀንስስ?

መምህር፦ ያ ሌላ 3.1 ነው። 7 ቶን ካፕሱል ውሰጂ። በተለመደው የማከማቻ ነዳጅ፣ ማለትም ሳይቀዘቅዝ ለረጅም ጊዜ በሚቀመጠው፣ በየ3.1 ክብደቱ በ2.7 ይባዛል። ለመቀነሻው 7 ቶኑ 19 ቶን ይሆናል። ያን 19 ቶን ወደ ጨረቃ ለመወርወር ምህዋር ላይ ወደ 52 ቶን ያስፈልጋል። በጥቂት መቶ ኪሎ ጋሻ የሚሠራውን ሥራ በደርዘን ቶን ነዳጅ መሥራት ነው። ለዚህ ነው ጋሻ ጋሻ የምለው።

ከቸቸላ፦ መምህር ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የሩሲያው ሶዩዝ መንኮራኩር ከጥንቱም የታሰበው ለጨረቃ አልነበረም? ዞንድ 5 የተባለው የሶቪየት መንኮራኩር በመስከረም 1968 ኤሊዎች ጭኖ ጨረቃን ዞሮ ተመልሷል። ሶዩዝ አይችልም የሚባለው ትክክል አይመስለኝም።

ከአራዳ፦ ወንድሜ፣ ዞንድና ዛሬ ወደ ጣቢያው የሚመላለሰው ሶዩዝ አንድ አይደሉም።

ከቸቸላ፦ ቅርጹ ያው ነው፣ ያው ደወል የመሰለ ካፕሱል። ሶዩዝ 9 ደግሞ በ1970 ሁለት ሰው ይዞ 18 ቀን ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ተመልሷል። ጨረቃ ደርሶ መመለስ 6 ወይም 7 ቀን ነው። ምን ጎደለው?

ከአራዳ፦ ቅርጽ ምን ያደርጋል? ሚኒባስና አምቡላንስም አንድ ቅርጽ አላቸው።

ከቸቸላ፦ እንዲያ ከሆነ አምቡላንሱን ከሚኒባሱ የሚሠሩት ሰዎች አሉ ማለት ነው። እኔም የምለው ይህንኑ ነው።

መምህር፦ ሁለታችሁም ግማሽ ግማሹን ይዛችኋል። ዞንድ የሶዩዝ ዘር ነው፣ እውነት ነው። ግን ምን እንደተደረገለት ተመልከቱ። የፊተኛው ክብ ክፍል ተቆርጦ ወጣ፤ ፕሮቶን ሮኬት ያን ሁሉ አይሸከምምና። ጋሻው ወፈረ። ለሩቅ መገናኛ ትልቅ አንቴና ተገጠመ። ወደ ጨረቃ የወረወረው የራሱ ሞተር ሳይሆን ብሎክ ዲ የተባለ የሮኬት ክፍል ነው። እንዲያም ሆኖ ዞንድ 5 አቅጣጫ መምሪያው ስለተበላሸ በቀጥታ ወርዶ ህንድ ውቅያኖስ ገባ። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ዞንድ 6 ደግሞ አየሩ ከካፕሱሉ ወጥቶበት፣ ፓራሹቱም ከድቶት ምድር ላይ ተከሰከሰ። ሰው ቢኖርበት አይተርፍም ነበር። አሜሪካንን ለመቅደም በጥድፊያ የተሠራ ነበር፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

የዛሬው ሶዩዝ ወደ 7 ቶን ይመዝናል፣ ነዳጁ 900 ኪሎ ገደማ ነው፣ የፍጥነት ለውጡም 0.4። ከጣቢያው ጋር ተያይዞ ስድስት ወር ይቆያል፣ ብቻውን ግን ሦስት ሰው ይዞ የሚበረው 4 ቀን ያህል ነው። የዘሩን ታሪክ አልክድም፤ ያለው መንኮራኩር ግን አይሄድም።

ከልደታ፦ ሰዎች በእርግጥ ጨረቃ ላይ ወጥተዋል?

መምህር፦ ወጥተዋል። በስድስት ጉዞ 382 ኪሎ ድንጋይና አፈር አምጥተዋል፤ ያስቀመጧቸው መስታወቶች ዛሬም ከምድር የሚላክ ሌዘር ይመልሳሉ። በዚህ ላይ አልቆይም።

ከቆላ ድባ፦ ስለ ጠፈር ጉዞ ጠቅለል ያለ ማብራሪያ ቢሰጡን።

መምህር፦ ጠቅላላ ጥያቄ አልመልስም፤ አንድ ነገር ለይተህ ጠይቅ።

ከቸቸላ፦ ጨረርስ? ምድርን የከበበው የቫን አለን የጨረር ቀበቶ ሰው አያሳልፍም የሚሉ አሉ።

መምህር፦ ያሳልፋል፤ ዋናው በውስጡ የምትቆይበት ጊዜ ነው። የውስጠኛው ቀበቶ ከ1,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጀምራል፣ የውጭው እስከ 60,000 አካባቢ ይዘልቃል። አፖሎ ከወፍራሙ ክፍል ጎን ጎኑን ይዞ በጥቂት ሰዓት አለፈው፤ ጠፈርተኞቹ የወሰዱት መጠንም አሳሳቢ አልነበረም። ከቀበቶው ይልቅ የሚያስፈራው የፀሐይ ማዕበል ነው። በነሐሴ 1972 ከፍተኛ ማዕበል ተነሳ፤ አፖሎ 16 በሚያዝያ ተመልሷል፣ አፖሎ 17 በታኅሣሥ ነው የሄደው፤ መካከል ላይ ወደቀ። ምድር ዙሪያ ያለ መንኮራኩርን የምድር መግነጢስ ይከልልለታል፣ ካልሆነም በሰዓታት ውስጥ ይወርዳል። ለጨረቃ የሚሠራ ግን ሰዎቹ የሚሸሸጉበት፣ ውሃና ጓዙ ዙሪያውን የሚደረደርበት ቦታ ከንድፉ ጀምሮ ሊታሰብለት ይገባል። ኦሪዮን ላይ ከወለሉ ሥር ያለው የዕቃ ማስቀመጫ ለዚህ ይሆናል።

ከወለቃ፦ መምህር፣ የስፔስኤክስ ኩባንያ መንኮራኩር ድራጎንስ? በመስከረም 2024 ፖላሪስ ዶውን በተባለው በረራ 1,400 ኪሎ ሜትር ወጥቶ ከ1972 ወዲህ ሰው ያልደረሰበት ከፍታ ላይ ደርሷል። ትንሽ ቢገፋ ጨረቃ አይደርስም?

መምህር፦ ርቀት አትቁጠሩ ብያለሁ። 1,400 ለመድረስ በዝቅተኛው ምህዋር ላይ የሚጨመረው 0.3 ያህል ብቻ ነው። ለጨረቃ 3.1 ነው። «ትንሽ ቢገፋ» የሚባል ነገር የለም።

ድራጎንን ግን በደንብ እንየው፤ ከሶዩዝ ይልቅ ለጨረቃ የቀረበ ነው። በ2017 ኩባንያው ሁለት ሰዎችን በፋልከን ሄቪ ጨረቃን አዙሬ እመልሳለሁ ብሎ ነበር፤ በሚቀጥለው ዓመት ተወው። ጋሻው ፒካ ከተባለ ካርቦንና ሙጫ የመጣ ነው። የዚያው ዘር ጋሻ የያዘችው ስታርደስት የተባለች ሰው አልባ ካፕሱል በጥር 2006 በ12.9 ገብታ በደህና አርፋለች። ስለዚህ ዕቃው ይችላል።

ዕቃው ቻለ ማለት ግን ጋሻው ቻለ ማለት አይደለም። ውፍረቱ አለ፤ በቁራጮቹ መካከል ያለው ስፌት አለ፤ ጋሻውን አልፈው የሚወጡ መያዣዎች አሉ። በ2020 ድራጎን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ጭኖ ከጣቢያው ሲመለስ፣ ካፕሱሉ ግንድ ከሚባለው የኋላ ክፍሉ ጋር የሚያያዝባቸው አራት ቦታዎች አጠገብ ጋሻው ከተጠበቀው በላይ ተበልቶ ተገኘ፤ ለሚቀጥለው በረራ ተጠናከረ። ይህ በ7.8 ነው። በ11 ሲሆን እያንዳንዷ ቀዳዳና እያንዳንዷ መጋጠሚያ እንደገና መፈተሽ አለባት።

ሌላው ድራጎን የተሠራለት አገልግሎት ነው። ብቻውን የሚበረው 10 ቀን ያህል ነው፤ ለዙሪያ ጉዞ ይበቃል፣ መጠባበቂያ ግን የለውም። ያለበትን የሚያውቀው በጂፒኤስ ነው፤ የጂፒኤስ ሳተላይቶች ግን 20,200 ኪሎ ሜትር ላይ ሆነው ወደ ምድር ነው የሚያስተላልፉት። ከዚያ ባሻገር ከዋክብትን የሚያይ መሣሪያና ከምድር ትላልቅ አንቴናዎች የሚመጣ ልኬት ያስፈልጋል። መገናኛውም እንዲሁ ነው። ሙቀት ማስወገጃውም በ90 ደቂቃ አንዴ የምድር ጥላ ውስጥ ገብቶ እንዲቀዘቅዝ ታስቦ ነው የተሠራው፤ ወደ ጨረቃ መንገድ ላይ ፀሐይ አትጠልቅም። አፖሎ በዚህ ምክንያት እንደ ጥብስ ቀስ እያለ ይሽከረከር ነበር። እነዚህ ሁሉ ሊሠሩ ይችላሉ። ሲሠሩ ግን ሌላ መንኮራኩር ነው የሚሆነው።

ከፒያሳ፦ ጋሼ፣ እንዲያው ጨረቃ ከመራቋ የተነሳ ነዳጁ...

መምህር፦ ወንድሜ፣ ከላይ መልሼልሃለሁ። ሦስት ቀን በጠፋ ሞተር ነው የሚጓዙት። እባክህ ያቺን መልስ ደግመህ እያት።

ከጠዳ፦ ምግብና አየሩን ቢነግሩን። ለአራት ሰው 10 ቀን ምን ያህል ይያዛል?

መምህር፦ አንድ ሰው በቀን 0.84 ኪሎ ኦክስጅን ይተነፍሳል፣ 1 ኪሎ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። ለአራት ሰው በ10 ቀን 34 ኪሎ ኦክስጅን ያህል ነው። የሚገድለው ግን ብዙ ጊዜ የኦክስጅን ማነስ ሳይሆን የካርቦን ዳይኦክሳይዱ መከማቸት ነው፤ መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ከዚያ መደንዘዝ፣ ከዚያ የተሳሳተ ቁልፍ መንካት። በሊቲየም ሃይድሮክሳይድ ከተጣራ 1 ኪሎው ቢበዛ 0.92 ኪሎ ነው የሚይዘው፤ ስለዚህ ለ40 ኪሎው ቢያንስ 44 ኪሎ ማጣሪያ ይጫናል፣ በተግባር ከዚያም በላይ። ለመጠጥና ለምግብ በሰው በቀን 2.5 ሊትር ውሃ ብትይዙ 100 ሊትር ነው።

ከምድር ምህዋር አንድ ነገር ቢበላሽ በሰዓታት ውስጥ ይወረዳል። በጨረቃ መንገድ ላይ ቀናት ይፈጃል። አፖሎ 13 በሚያዝያ 1970 የኦክስጅን ታንኩ ሲፈነዳ ሰዎቹ ጨረቃ ላይ ለማረፍ ወደተሠራችው ትንሽ መንኮራኩር፣ ወደ ማረፊያዋ፣ ተሸጋገሩ፤ የእሷ ማጣሪያ ለሁለት ሰው ለሁለት ቀን ያህል የተሰላ ነበር። የዋናው መንኮራኩር ማጣሪያ ደግሞ አራት ማዕዘን፣ የማረፊያዋ ማስገቢያ ክብ ነበር። በፕላስቲክ፣ በካርቶንና በማጣበቂያ ቴፕ ማገናኛ ሠርተው ዳኑ። በመጠባበቂያ የሚጫን ነገር ሁሉ እርስ በርሱ መግጠሙን አስቀድማችሁ እዩ።

ከልደታ፦ መምህር፣ እኛ እዚህ ዳቦ እየተወደደብን ስለ ጨረቃ ማውራቱ...

ከአዘዞ፦ ሳተላይት እኮ ለእርሻ ነው የተላከው። የኢትዮጵያ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ 1 በታኅሣሥ 2019 ሲመጠቅ ለአዝመራና ለደን መከታተያ ተብሎ ነው።

ከልደታ፦ ገበሬው ምን አገኘበት?

ከአዘዞ፦ ፎቶውን የሚተነትን ሰው ሲኖር ነው የሚገኝበት። ሰውን ማስተማር ይቅር ነው የምትለው?

መምህር፦ ይህ ራሱን የቻለ ክርክር ነው፣ ሌላ ቀን ይዛችሁ ኑ፤ እኔም የምለው አለኝ። ለዛሬው የሚጠቅመንን አንዱን ብቻ ልያዝ። ያ ሳተላይት ወደ 70 ኪሎ የሚመዝን ሆኖ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ላይ ይዞራል፤ 100 ቶኑ ሹትል በታሪኩ ከደረሰበት ከፍታ ጋር እኩል ለእኩል ነው። ሰው አልያዘም፣ አይመለስም፣ ጋሻ የለውም፣ ኦክስጅን የለውም። ሰው አልባ መንኮራኩሮች ማርስና ሳተርን ደርሰው ሰው ከጨረቃ ያላለፈው በዚህ ነው።

ከአራዳ፦ የጠፈር ጣቢያውን ራሱን ወደ ጨረቃ መግፋት አይቻልም?

መምህር፦ 420 ቶን ነው፤ ከ700 ቶን በላይ ነዳጅ ይፈልጋል፣ የፀሐይ ሰሌዳዎቹም ኃይለኛ ግፊት አይችሉም። አይቻልም።

ከጠዳ፦ የኦሪዮን ጋሻ በአርጤምስ 1 ተቦጫጭቆ ተመለሰ የሚባለው እውነት ነው? ለጨረቃ የተሠራው ራሱ እንዲህ ከሆነ ነገሩ እንዴት ነው?

መምህር፦ እውነት ነው፤ በዝርዝር መታወቅም አለበት። ኦሪዮን በኅዳር 2022 ባዶውን ሄዶ በታኅሣሥ 11 ተመለሰ። ጋሻው ሲታይ ከ100 በሚበልጡ ቦታዎች ከሰሉ በዝግታ መበላት ሲገባው በቁራጭ ተነስቷል። የውስጡ ሙቀት ግን አልተናወጠም፤ ሰው ቢኖር ችግር አይገጥመውም ነበር።

ምክንያቱ እስኪታወቅ ሁለት ዓመት ፈጀ። ጋሻው እንደ አፖሎ አቭኮት ነው፣ ግን በማር እንጀራው መረብ ፋንታ 186 ትልልቅ ቁራጭ ሆኖ ነው የተለጠፈው። አገባቡም ሌላ ነው፤ አንዴ አየሩ ውስጥ ጠልቆ ፍጥነት ይቀንሳል፣ ከዚያ ትንሽ ወደ ላይ ይነሳል፣ ከዚያ እንደገና ይገባል። ማረፊያውን በትክክል ለመምረጥ ይረዳል። ችግሩ የተፈጠረው በመካከል ሲነሳ ነው። ከውጭ ያለው ሙቀት ሲቀንስ ላዩ ላይ ከሰል መፈጠሩ ዘገየ። ውስጥ የገባው ሙቀት ግን አልበረደም፣ ሙጫውን ወደ ጋዝ መለወጡን ቀጠለ። ጋዙ የሚወጣበት በቂ ቀዳዳ አልነበረም። ግፊቱ አደገ፣ ስንጥቅ ተፈጠረ፣ ቁራጩ ተነሳ። ጋዝ በቀላሉ ያሳለፉት ጥቂት ቦታዎች ግን ሳይሰነጠቁ ተገኙ፤ ምክንያቱ የተለየው ከዚህ ነው።

መሬት ላይ ሲፈተን ለምን አልታየም? ፈተናው ከበረራው የበለጠ ኃይለኛ ሙቀት ስለነበረው ነው። ኃይለኛው ሙቀት ቀዳዳማ ከሰል በፍጥነት ፈጠረ፣ ጋዙም በቀላሉ ወጣ። ለስለስ ያለው ሙቀት ነበር አደገኛው። ሲበዛ አጥብቆ መፈተን ብቻውን ደህንነት እንዳልሆነ የምህንድስና ተማሪዎች ልብ በሉ። በታኅሣሥ 2024 የተወሰነው መፍትሔ ለአርጤምስ 2 ጋሻውን ሳይቀይሩ አገባቡን ማስተካከል፣ ከዚያ በኋላ ላሉት ግን ጋዝ በደንብ የሚያሳልፍ አቭኮት መሥራት ነው።

ከወለቃ፦ ኦሪዮን ጨረቃ አጠገብ እንደ አፖሎ ዝቅ ብሎ አይዞርም ይባላል። ለምን?

መምህር፦ ነዳጅ። የአፖሎ አገልግሎት ክፍል 18 ቶን ገደማ ነዳጅ ነበረው፤ የኦሪዮን 8.6 ነው፣ የፍጥነት ለውጡም 1.2 ወይም 1.3። ዝቅተኛ የጨረቃ ምህዋር ገብቶ መውጣት 1.8 ያህል ይፈልጋል። ስለዚህ ሞላላና ሩቅ ምህዋር ይመረጥለታል። ከምድር ምህዋር የወጣ ሁሉ የትም ይሄዳል ማለት አይደለም።

ከአራዳ፦ ቻይናዎችስ? መንኮራኩራቸው ሼንዡ የሶዩዝ ዓይነት አይደል?

መምህር፦ አቀማመጡ የሶዩዝ ነው፣ ተለቅ ይላል፣ ለምድር ምህዋር ብቻ ነው የተሠራው። የእነሱን አካሄድ ግን እወደዋለሁ። በ2014 የሼንዡን ቅርጽ አሳንሰው ሰው አልባ ካፕሱል ሠሩ፣ ጨረቃን አዙረው በ11 አስገቡት፣ እንደ ኦሪዮን ተነስቶ እንደገና በሚገባ አገባብ አወረዱት። በዚያ ባገኙት ልምድ ሰው አልባዎቹ ቻንግ ኧ 5 በ2020፣ ቻንግ ኧ 6 በ2024 የጨረቃ አፈር አመጡ። ለሰው ደግሞ ሼንዡን አላሻሻሉም፤ መንግዡ የተባለ አዲስ መንኮራኩር ነው የሚሠሩት።

ከማራኪ፦ መምህር፣ አንድ መንኮራኩር ሲጠራ ይችላል አይችልም የሚለውን ራሴ ላሰላ ብፈልግ ምን ምን ቁጥር ልያዝ?

መምህር፦ ሦስት ቁጥር። ነዳጅ የሞላ ክብደቱ፣ ነዳጁ ሲያልቅ ያለው ክብደት፣ ጋዙ ከሞተሩ የሚወጣበት ፍጥነት። የመጀመሪያውን ለሁለተኛው አካፍይ፤ ካልኩሌተርሽ ላይ ኤል ኤን የሚለውን ቁልፍ ተጫኚ፤ የወጣውን በጋዙ ፍጥነት አባዢ።

ሶዩዝን እንሥራ። ሲሞላ 7.1 ቶን፣ 0.9 ሲወጣ 6.2። 7.1 ለ6.2 ሲካፈል 1.145። ኤል ኤኑ 0.135። የሞተሩ ጋዝ 2.96 ይፈጥናል። ሲባዛ 0.4 ይሆናል። ከ3.1 ጋር አስተያዪው።

የጋዙን ፍጥነት ካላገኘሽ፣ የማከማቻ ነዳጅ ከሆነ 3.1፣ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ከሆነ 4.4 ያዢ። ነዳጁ በቂ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ጋሻው በስንት ፍጥነት እንደተፈተነ ፈልጊ። በ7.8 ብቻ ከሆነ ስሌቱን እዚያው አቁሚው።